ከንብረት የተሰረዙ ጡቦች

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤናና ሰላም ለአንቺ፣ ለባለቤትሽና ለልጆችሽ ይሁን። ፈጣሪ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል እንጂ ዓይኔም እጄም ያገለግሉኛል፤ ይህን የምጽፈው ያለ መነጽር ነው።

የላክሽልኝ ገንዘብ ደርሶኛል፤ በመጣበት መንገድ መልሼዋለሁ። አትቀየሚኝ። ጡረታዬ ለአንድ ሆድ ይበቃል። ስልክ እንድገዛ የመከርሽኝንም ሰምቻለሁ፤ አልገዛም። በስልክ የተነገረ ነገር ነገ ይካዳል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ግን የጻፈውን ሰው ጠምዶ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የጡብ ፋብሪካው ከተዘጋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ዛፍ በቅሎበታል። ድርጅቱ ሞቷል ብለን ስንኖር የባለቤቶቹ ልጆች ከየነበሩበት ተሰባስበው መሬቱን ሊሸጡ ተነሥተዋል። ባለፈው ሳምንት በየበራችን ወረቀት ተለጠፈ። ሰማንያ አራቱም ቤቶች ድርጅቱ ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሠራቸው ንብረቶቹ ናቸው ይላል። የማዘጋጃ ቤቱ የመሬት ኮሚቴ ነገሩን በግንቦት ይሰማል። የእነሱ ቃል ከጸና በዘጠና ቀን ለቀን እንወጣለን፤ ቤቶቹም ይፈርሳሉ። ማስረጃ ነው ብለው አንድ የቆየ መጽሔት አቅርበዋል።

እኔ አልወጣም። ይህን ቀድሜ ልንገርሽ።

የሰፈሩን ታሪክ መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አንቺ በልጅነትሽ ስለሄድሽ የማታውቂውን ባጭሩ ልንገርሽ። ከእቶኑ የሚወጣ ጡብ ሁሉ አይሸጥም ነበር። የጎበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ እሳት በዝቶበት የጠቆረ አለ። እንዲህ ያለውን ጡብ መርማሪው፣ እኛ «ምላጭ» የምንለው ሰውዬ፣ ፊቱን በመሮ ሰያፍ ይጭረውና ከመዝገብ ይሰርዘዋል። የተጫረ ጡብ የድርጅቱ አይደለም። ለፈለገ ሠራተኛ ይሰጣል፤ በር ላይም «ውድቅ፣ ከንብረት የተሰረዘ» የሚል የመውጫ ወረቀት ይቆረጥለታል። ሰፈሩ በሙሉ የተሠራው በዚህ ጡብ ነው። አባትሽና እኔ ከፈረቃ ስንወጣ ስምንት ስምንት ጡብ በትከሻችን እየተሸከምን በሁለት ዓመት ከአራት ወር ቤታችንን አቆምን፤ ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የእኔ።

አባትሽ ወረቀት የማይጥል ሰው ነበር። የመውጫ ወረቀቶቹን በሙሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኑሯቸዋል። ለቀብሩ መጥተሽ ስትመለሺ ቆርቆሮውን ይዘሽው ሄድሽ። እሱን በአደራ ፖስታ ላኪልኝ። ከዚያ ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለም።

ፈጣሪ በሰላም ያክርምሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 30 ቀን

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ጋሼ፤

እንደምን ከርመዋል? ፈጣሪ ዕድሜውን ከጤና ጋር ያድልልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትልቁ ልጄ ቁመቱ በልጦኝ ከላይ ወደ ታች ማየት ጀምሯል፤ እርስዎን ይመስላል ይሉኛል፤ ኩርፊያውም ጭምር።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሁለት ማሽን ተበላሽቶበት አንሶላውን ሁሉ በእጃችን ነው የምናጥፈው። ቤት ስገባ ጣቶቼ አይታጠፉልኝም፤ እንኳን እስክሪብቶ ማንኪያም አልይዝ ብለውኛል።

ገንዘቡን ለምን መለሱት ጋሼ? ለጉልበትዎ ሐኪም ይዩበት ብዬ ነበር። እንደገና ልኬዋለሁ፤ እባክዎን አሁን እንኳ አይመልሱት። ያ ቤት ደግሞ እኮ ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው ያልባል፤ ደረጃው ለወጣትም አይመች። በምትኩ የሚሰጠው ክፍል ሊፍት አለው፤ መታጠቢያውም ውስጡ ነው። በዚህ ዕድሜዎ ከድርጅት ጋር ተሟግተው ምን ያተርፋሉ? ደክመው አሳድገውናል፤ አሁን ቢያርፉ ምን አለበት?

ስለ ቆርቆሮው እፈልገዋለሁ። ቤት ስንቀይር ዕቃው ሁሉ ተደባልቋል።

እጅዎን ስሜአለሁ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 21 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ለቤትሽ። ልጁ እኔን ከመሰለ ጥሩ ነው፤ ኩርፊያውን አትከልክዪው።

ስለ ቆርቆሮ ጠየቅሁሽ፣ ስለ ጉልበቴ መለስሽልኝ። ገንዘቡንም መልሼዋለሁ፤ ሦስተኛ ከላክሽ ባንኩ ይታዘበናል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሊፍት ስላለው ምትክ ክፍል ጽፈሽልኛል። በራችን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ምትክ የሚል ቃል የለም። ሰማንያ አራቱን ቤት ዞሬ ጠየቅሁ፤ የሰማ አንድም ሰው የለም። አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ ከማን ሰማሽ?

እዚህ ያለውን ልንገርሽ። ባለፈው ማክሰኞ የድርጅቱ ቀያሾች ቀይ ቀለም ይዘው መጥተው በየበሩ ቁጥር ጻፉ። መንገዶቻችን ስማቸው አንደኛ ፈረቃ፣ ሁለተኛ ፈረቃ፣ ሦስተኛ ፈረቃ መሆኑን ታስታውሺያለሽ። ሰው ቤቱን የሠራው አብረውት ከሚወጡት ጋር ስለነበር ነው። ቀያሾቹ ይህን ሁሉ ትተው «ክፍል ሀ»፣ «ክፍል ለ» ብለው ለጠፉበት። ጠማማውን መንገድ በካርታቸው ቀጥ አድርገው አሰመሩት። መንገዱ የጠመመው የሸክላ አፈር የወጣበትን ጉድጓድ እየዞረ ነው፤ የእነሱ መስመር ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። እንደፈለጋቸው፤ እነሱ ይሂዱበት።

ጎረቤቴ፣ የእቶኑ እሳት አንዳጅ ሚስት፣ በሯ ላይ ሲጽፉ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

«ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል?» አለችው ቁጥሩን የሚጽፈውን ልጅ።

«አዎ እማማ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

«እንግዲያው ሳይደርቅ በጨርቅ ጥረገው። ከደረቀ በምላስህ ነው የማስጠርግህ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጠረገው።

እኔ ደግሞ በየቤቱ እየዞርኩ የመውጫ ወረቀት ያለው ካለ ጠየቅሁ። አንዱ እሳት አያይዞበታል፤ አንዱ ጋር አይጥ በልቶታል፤ አንዷ የልጆቿን ደብተር ለብዳበታለች። የቀረው የአባትሽ ብቻ ነው። ያለ እሱ ኮሚቴው ፊት የማቀርበው የራሴን አፍ ብቻ ይሆናል፤ አፌ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ በቂ አይደለም። ቆርቆሮው የት ነው? መልሽልኝ፤ ስለ ሌላ ነገር አትጻፊ።

አጎትሽ


የካቲት 19 ቀን

ለጋሼ፤

ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ፤ ቢቆጡም ይቆጡ።

ቆርቆሮው የለም። በነሐሴ የድርጅቱ ጠበቃ ቤቴ ድረስ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። የአባቴ ወራሽ መሆኔን ያውቃል። በግማሹ ቤት ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም ብዬ ከፈረምኩ ለእርስዎ ምትክ ክፍል ይሰጣል አለኝ፤ ለእኔም ካሳ። ቤቱን የሚመለከት ወረቀት ካለ ይስጡኝ ሲለኝ ቆርቆሮውን አውጥቼ ሰጠሁት። ውስጡ ምን እንዳለ እንኳ አላየሁም። ቡናማ ቁርጥራጭ ወረቀት ነበር፤ ለእኔ ምንም አይመስልም።

ፈርሜያለሁ ጋሼ። የእርስዎ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ሁለት ወር አልፎታል።

ግን እኔንም ይስሙኝ። ዝም ብዬ አልፈረምኩም። «ቤቱን አባቴና አጎቴ ናቸው የሠሩት» ብዬ ተሟግቼዋለሁ። ያን ጊዜ ከቦርሳው መጽሔት አወጣ። የፋብሪካው ሃያ አምስተኛ ዓመት መታሰቢያ ይላል። ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ «ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ካለው አባታዊ አሳቢነት የተነሣ ሰማንያ አራት መኖሪያ ቤቶችን በራሱ ጡብና በራሱ ወጪ ገንብቶ አስረክቧል» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የጸሐፊው ስም አለ። የእርስዎ ስም ነው።

የቆየ መጽሔት አቀረቡ ብለው ጻፉልኝ፤ ማን እንደጻፈው ግን ዋጡት። እኔ ቆርቆሮውን ደበቅሁ፤ እርስዎ መጽሔቱን ደበቁ። ልጅ ሆኜ አባቴ ያወራልኝን ልመን ወይስ የእርስዎን ጽሑፍ? ወረቀት ላይ የሰፈረ አይካድም ይሉኝ የለ? ካልዋሹ ለምን ይሟገታሉ? ከዋሹ ደግሞ በእኔ ላይ የሚቆጡበት አፍ ከየት አመጡ?

ልጅዎ


መጋቢት 7 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ነው ይህን የምጽፈው። ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ከልቤ ነው።

ስለ ቆርቆሮው የምለውን ሁሉ በአፌ ብቻዬን ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ ወረቀት ላይ አላወርደውም። የአንቺ ጥያቄ መልስ ይገባዋል።

ጽፌዋለሁ። ውሸት ነው። ስጽፈውም ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ቤቶቹ ሲሠሩ ፈቃድ አልነበራቸውም። የማዘጋጃ ቤት አፍራሾች በየወሩ መጥተው አንድ ሁለት ቤት ይንዱ ነበር። የፋብሪካውን ግቢ ግን አይነኩም። አንድ ቀን እዚያው እቶኑ አጠገብ ተማከርን፤ «በየበራችን የድርጅቱ ንብረት የሚል ታፔላ ቢሰቀል ማን ይነካናል?» ያልኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁን ለምነን አስፈቀድን። ለምነን! ሰማንያ አራት ቆርቆሮ ቆርጠን፣ ፊደል የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሁሉንም ጻፍኩ። ሴቶቹ በየሳምንቱ በአመድ ይወለውሏቸው ነበር። አፍራሾቹ መጡ፣ አነበቡ፣ ሄዱ። ያን ዕለት የዓለም ብልጦች እኛ ነበርን።

እስከዚህ ያለው የሁላችንም ነው። መጽሔቱ ግን የእኔ ብቻ ነው። እኔ ጭቃ ረጋጭ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጡቡ ላይ የታተመውን የድርጅቱን ማኅተም በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶኝ «አንተ ትጽፋለህ አሉ፤ ስለ ሠራተኞች ቤት አንድ ገጽ ጻፍልን፤ ታፔላው ላይ ያለውን አስፋፋው» አለኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ስሜን አታውጡ ማለትም እችል ነበር። ስሜ በማተሚያ ቤት ፊደል ታትሞ ማየት ፈለግሁ። አንብቤለት ስጨርስ አባትሽ «ጡቡን የተሸከመው የማን ትከሻ ነው?» ብሎኝ ወጣ። ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። ያን ዓመት ጠብ የነበረው በመሬት ድንበር ነው ብለን ነው ለእናትሽ የነገርናት።

ለአንቺ ያልጻፍኩት አፍሬ ነው። ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

አሁን ስሚ። የመውጫ ወረቀት የለም፤ ይሁን። ኮሚቴው ፊት ቆሜ የጻፍኩት ሐሰት ነው እላለሁ። ያፈርኩትን ያህል አፍሬያለሁ፤ ለእነዚያ ስል ደግሜ አላፍርም።

አጎትሽ


ሚያዝያ 12 ቀን

ለምወድዎት ጋሼ፤

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥዎት። ደብዳቤዎን ማጠቢያው ውስጥ፣ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አለቃዬ መጥታ ሰው ሞተብሽ ወይ አለችኝ። አይ፣ ሰው ተነሣ አልኳት።

ለጠበቃው ቢሮ ፊርማዬን አንሥቻለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ ካሳውንም መለስኩ። «የፈረሙት በፈቃድዎ ነው፤ አይነሣም» ብለው መለሱልኝ። ቆርቆሮውን ብጠይቅ እንዲህ ያለ ዕቃ አልተረከብንም አሉ። ይህ ጫማ የሚያወልቀው ሰውዬ ነው።

ካሳውን እንደገና ልከውልኛል። እንደገና መልሼዋለሁ። ከማን እንደተማርኩት ያውቃሉ።

ምን ላድርግ? ልምጣ?

ልጅዎ


ሰኔ 28 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምና ጤና ለአንቺ፣ ለባለቤትሽ፣ ለልጆችሽ፤ ለዚያ አኩራፊውም። የሆነውን ሁሉ በተራ እነግርሻለሁና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ግንቦት 9 ቀን ኮሚቴው ተሰየመ። ሰብሳቢዋ መሐንዲስ ናት፤ ትንሽ ሴት ነች፤ ብዙ አታወራም። ጠበቃው መጽሔቱን ከፍ አድርጎ ገጽ አሥራ አንድን አነበበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ የጻፉት እውነት ነው።»

«ውሸት ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጠበቃው ፈገግ አለ። «ያኔ ዋሽተው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እውነት ይናገራሉ። የትኛውን ውሸታም እንመን?»

«አንዱንም አትመኑ» አልኩት። «እኔን ተዉኝ። ሄዳችሁ ግድግዳውን እዩት።»

«እኔማ ድሮም አላምነውም!» ብላ የእሳት አንዳጁ ሚስት ከኋላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰብሳቢዋ ግን አልሳቀችም፤ «ግድግዳው ምን አለው?» አለች። ነገርኳት። ሐሙስ እንመጣለን አለች።

ግድግዳችን ሁሉ በልስን የተሸፈነ ነው። በማግስቱ መዶሻ ይዤ የራሴን የፊት ግድግዳ ልስን ማራገፍ ጀመርኩ። የእሳት አንዳጁ ሚስት መጣች።

«አብደሃል? ይህን ልስን ባሌ ነው የለሰነው!»

«ለዚህ ነዋ አልላቀቅ ያለኝ።»

ቆማ አየችኝ። ቤቷ ገብታ ዘነዘና ይዛ ተመለሰችና ወደ ራሷ ግድግዳ ሄደች። እስከ ሐሙስ ድረስ በሦስቱም ፈረቃ ከመዶሻ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሰባ ቤት ራቁቱን ቆመ። ሁሉም ጡብ የተጫረ ነው። የድርጅቱ ማኅተም አለ፤ ማኅተሙን የሚያቋርጥ ሰያፍ ጭረት አለ።

ጠበቃው «ድርጅቱ በራሱ ውድቅ ጡብ ሠርቶላቸው ይሆናል» አለ። ሰብሳቢዋ «ጭረቱ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ አለ?» ብላ ጠየቀች። ምላጭ አለ! ዘጠና ሊሞላው ነው፤ ጆሮው አይሰማም። ስንት ሰው የሚረግመው ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከድርጅቱ ወግኖ ኖሯል። ከነወንበሩ ተሸክመን አመጣነው። ጆሮው ሥር ጮኼ ጠየቅሁት። በጣቱ ግድግዳውን ዳበሰ።

«የእኔ እጅ ነው» አለ። «እዩት፣ አንዱም አልተጣመመም።»

«ምን ማለት ነው?»

«የእኛ አይደለም ማለት ነዋ! ከመዝገብ ወጥቷል፤ ድርጅቱ አያውቀውም። ይህንን በድርጅቱ ግንባታ ውስጥ አንድ እንኳ ባገኝ ግንበኛው ይባረር ነበር።»

ሰብሳቢዋ ድርጅቱ ራሱ ወደ ሠራው የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ቤት ሄደች፤ አሁን የጠበቃው ቢሮ ነው። ከጓሮው በኩል ልስኑን በራሷ መዶሻ ሦስት ቦታ አራገፈች። አንድ የተጫረ ጡብ አልተገኘም። ጠበቃው ጫማውን አላወለቀም።

ውሳኔው በአሥራ አንደኛው ቀን ተነበበ። ሰማንያ ሦስት ቤት ተኩል ከድርጅቱ ይዞታ ውጭ ነው ተባለ። ይግባኝ ይላሉ፤ ይበሉ። የጎደለው ግማሽ የአንቺ ፊርማ ነው። የአባትሽ ወገን፣ የቤታችን ግማሽ፣ በውሉ መሠረት ለእነሱ ጸና።

ሰኔ 16 ቀን ማሽን አመጡ። እኔ ወገኔ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። የአባትሽ ክፍል ከግማሽ ሰዓት በታች ወረደ፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር የተሸከምነው። አላለቀስኩም፤ ለእነሱ አይገባቸውም። ፍርስራሹን በመኪና ሊጭኑ ሲሉ ጡቦቹ ላይ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ «አባባ፣ ይህ የድርጅቱ ነው» አለኝ። አንዱን አንሥቼ ጭረቱን አሳየሁት። የውሉን ወረቀት ተቀብዬ አነበብኩለት፤ መሬት ይላል፣ ክፍል ይላል፣ ጡብ አይልም። ትከሻውን ነቅንቆ ባዶ መኪናውን ነድቶ ሄደ።

የተከፈተውን ጎን በዚያው ጡብ ደፈንነው። ሦስቱም ፈረቃ ወጥቶ ነው የሠራው፤ የእሳት አንዳጁ ሚስት ጭቃ አቀብላ፣ ስድቡንም አብራ ስታቀብል ዋለች። ግድግዳው ከቀድሞው ይወፍራል። አልለሰንኩትም።

ልምጣ ወይ ብለሻል። ነይ። ፊርማሽን ልታነሺ ሞክረሻል፤ ከዚያ ወዲህ በእኔና በአንቺ መካከል የቀረ ነገር የለም። ግን ከሐዘን ጋር እንዳትመጪ፤ የሰፈሩን ታሪክ እንደገና ከመጀመሪያው እየጻፍኩ ነው፤ የአባትሽን ምዕራፍ የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ መጽሔቱን ማን እንደጻፈው አስፍሬዋለሁ።

አዲሱ ግድግዳ ላይ፣ በአባትሽ ወገን በኩል፣ በር አውጥቻለሁ። ጠበቃው ወደ ድርጅቱ መሬት በር መክፈት ክልክል ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፎልኛል። በየማለዳው እከፍተዋለሁ። ስትመጪ በዚያ ግቢ።

አጎትሽ